መንግሥታት እርስ በርስ ሲገማገሙ ለእኛ ምን ይረባናል? ሰነዱን አንብቦ መጠቀሚያ መንገድ

ጄኔቫ ላይ አንድ የመንግሥት ልዑክ ፊት ለፊት ይቀመጣል። የሌሎች ሀገራት ዲፕሎማቶች ተራ በተራ ማይክ እየከፈቱ «ለገለጻው እናመሰግናለን፣ ስለተገኘው ለውጥ ደስ ብሎናል፣ ግን ይሄን ይሄን ብታስተካክሉ» ይላሉ። ማታ በዜና «ሀገራችን ከቀረቡላት ምክረ ሐሳቦች አብዛኞቹን ተቀበለች» ይባላል። በሳምንቱ ማንም አያስታውሰውም። ይሄን ያየ ሰው «ታዲያ ይሄ ነገር ዴሞክራሲና ሰብአዊ መብት ያመጣል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ አይፈረድበትም።

መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። በራሱ አያመጣም። ግምገማ አንድ መንግሥት በሌሎች መንግሥታት ፊት፣ በጽሑፍ፣ ቀን ተመዝግቦበት የሚሰጠው ቃል ነው። ያንን ቃል ይዞ ሀገር ቤት የሚጠይቅ ሰው ከተገኘ ይሠራል። ካልተገኘ ደግሞ እከክልኝ ልከክልህ ሆኖ ይቀራል። ስለዚህ ጋዜጠኛ ብትሆኑ፣ የማኅበር ሰው፣ የሕግ ተማሪ ወይም እንዲሁ ነገሩ የሚያበሳጫችሁ ዜጋ፣ ሰነዱን እንዴት እንደምታነቡትና ምን እንደምታደርጉበት ማወቅ ይጠቅማችኋል። ከዚህ በታች የኢትዮጵያን ጉዳይ በእኛ ዘመን አቆጣጠር፣ የሌላውን በአውሮፓውያኑ እጽፋለሁ። ሰነዶቹ ግን ሁሉም በአውሮፓ ቀን ስለሆኑ ስትፈልጉ እንዳትደናገሩ።

መጀመሪያ የትኛውን ግምገማ እንደያዛችሁ እወቁ

ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታቸዋል። አንደኛው የተባበሩት መንግሥታት ሁሉን አቀፍ ወቅታዊ ግምገማ ነው፤ በአጭሩ ዩፒአር ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ2006 የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት ሲቋቋም አብሮ የመጣ ሲሆን የመጀመሪያው ዙር በ2008 ተጀመረ። አባል ሀገር ሁሉ፣ 193ቱም፣ በየአራትና አምስት ዓመቱ ይገመገማል። ትልቅ ትንሽ የለም። ጥሩ ጎኑ እዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው የአፍሪካ የአቻ ለአቻ መገማገሚያ ነው፤ ኤፒአርኤም የሚባለው። እ.ኤ.አ. በ2003 ተቋቋመ፤ ጽሕፈት ቤቱ ደቡብ አፍሪካ ሚድራንድ ነው። በፈቃደኝነት ነው የሚገባበት። የፈለገ ይፈርማል፣ የፈረመ ደግሞ ሲመቸው ይገመገማል። ከመብት አልፎ የኢኮኖሚ አስተዳደርን፣ የኩባንያዎችን አመራርና ማኅበራዊ ልማትንም ያያል። ሪፖርቱ ብዙ መቶ ገጽ ነው። ዩፒአር ግን ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል የሚፈጅ ስብሰባ ነው፤ ለሚገመገመው ሀገር 70 ደቂቃ፣ ለቀሩት በሙሉ 140 ደቂቃ። ከመቶ በላይ ሀገራት ልናገር ካሉ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው አንድ ደቂቃ ገደማ ነው። ታዲያ በአንድ ደቂቃ ውስጥ አመስግኖ፣ ሰላምታ አቅርቦ፣ ምን ያህል ቁም ነገር ይነገራል?

በእኔ ግምት የአፍሪካው የበሽታ ምርመራው ይሻላል፣ ክትትሉ ግን ደካማ ነው። የጄኔቫው ምርመራው ስስ ነው፣ ግን ቀጠሮ አይረሳም።

ዩፒአርን ስታነቡ ከሦስተኛው ሰነድ ጀምሩ

በተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ጽሕፈት ቤት ድረ ገጽ ላይ እያንዳንዱ ሀገር የራሱ ገጽ አለው። ለእያንዳንዱ ዙር ሦስት ሰነዶች ታገኛላችሁ። የሰነድ ቁጥሩ መጨረሻ ላይ 1 ካለ መንግሥት ስለራሱ የጻፈው ነው። 2 ካለ የተመድ አካላት የተናገሩት ተጠናቅሮ ነው። 3 ካለ ደግሞ የሲቪል ማኅበራትና የሰብአዊ መብት ኮሚሽኖች ያቀረቡት ተጨምቆ ነው።

አብዛኛው ሰው ከ1 ይጀምራል፤ ከዚያ ይሰለቸዋል፤ ይተወዋል። እናንተ ከ3 ጀምሩ። እዚያ ያለውን ቅሬታ ያዙና ወደ 1 ተመለሱ፦ መንግሥት ስለዚያ ነገር ምን አለ? ዝም ካለ ዝምታው ራሱ መረጃ ነው። «ሕግ ወጥቷል፣ ሥልጠና ተሰጥቷል» ብቻ ካለ ደግሞ ስለ ውጤቱ የሚለው የለውም ማለት ነው። ስንት ሰው ሠለጠነ የሚለውን ሳይሆን ስንት ሰው ተከሰሰ፣ ስንት ሰው ተካሰ የሚለውን ፈልጉ።

አራተኛ ሰነድ አለ፤ ዜና የሚሠሩ ሰዎች ሳይቀሩ የሚዘሉት። ስብሰባው ካለቀ በኋላ የሚወጣው ሪፖርት የቀረቡትን ምክረ ሐሳቦች ይዘረዝራል፣ ብዙ ጊዜ ግን መንግሥት የትኛውን እንደተቀበለ አይናገርም። «አጥንተን እንመልሳለን» ይላል። መልሱ ከወራት በኋላ አባሪ ሆኖ ለብቻው ይወጣል። እሱን ሳታዩ «ተቀበለ» ወይም «አልተቀበለም» ብላችሁ አትጻፉ። ሌላም ነገር ልብ በሉ፦ በዩፒአር ቋንቋ «ውድቅ ተደረገ» የሚባል ነገር የለም። አንድ ሀገር ምክረ ሐሳቡን «ይደግፋል» ወይም «ይመዘግባል»። «መዝግቤዋለሁ» ካለ በጨዋ ደንብ እንቢ ብሏል ማለት ነው።

ግሱን ቁጠሩ፣ መቶኛውን ተዉት

«ከቀረቡልን 70 በመቶውን ተቀብለናል» የሚል ነገር ስትሰሙ አትደነቁ። ምክረ ሐሳብ ሁሉ እኩል አይከብድም። ሁለት ዓረፍተ ነገር ላሳያችሁ፦

«የሴቶችን መብት ለማስከበር የጀመረውን ጥረት አጠናክሮ እንዲቀጥል።»

«የሲቪል ማኅበራት ሕጉን የውጭ ገንዘብ ገደብ እንዲሰርዝ።»

ምሳሌዎቹ የእኔ ናቸው፣ የሰነዶቹ አነጋገር ግን እንዲህ ነው። የመጀመሪያውን የማይቀበል መንግሥት በምድር ላይ የለም። ከአምስት ዓመት በኋላ ተፈጽሟል ወይስ አልተፈጸመም ብሎ የሚለካውም የለም። ሁለተኛውን አንድ ሰው ጋዜጣ ገልጦ ማረጋገጥ ይችላል።

ስለዚህ ዝርዝሩን ወደ ኤክሴል አውርዱና ከጎኑ አራት ነገር ብቻ ጻፉ፦ የተናገረው ሀገር፣ ግሱ፣ የመንግሥት መልስ፣ ከዚያ በኋላ የሆነው። ግሱ «ይሰርዝ፣ ያጽድቅ፣ ይፍታ፣ ያሻሽል» ከሆነ አንድ ቀለም ቀቡት። «ይቀጥል፣ ያጠናክር፣ ያጤን» ከሆነ ሌላ። አሁን መቶኛችሁን በጠንካራዎቹ ላይ ብቻ አስሉት። ዜና ላይ የሰማችሁትና እናንተ ያገኛችሁት ቁጥር ሲለያይ ታያላችሁ። ለስላሳዎቹን በብዛት የሚያቀርቡት እነማን እንደሆኑም ይታያችኋል። ወዳጅ ለወዳጅ፣ ጎረቤት ለጎረቤት። የነገ ተገምጋሚ የዛሬውን አያስቀይምም።

ሁሉንም ርዕስ አንድ ላይ አትያዙ። አንድ ጉዳይ ምረጡና በአራቱም ዙር ተከተሉት። ኢትዮጵያ በ2002፣ በ2006፣ በ2011 እና በኅዳር 2017 ዓ.ም. ተገምግማለች፤ አንድ ጉዳይ በአራት ፎቶ ማየት ነው።

አንድ ጉዳይ እንከተል፦ ሁለቱ ሕጎች

በ2001 ዓ.ም. ሁለት አዋጆች ወጡ። አንዱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ 621፣ ሌላው የፀረ ሽብር አዋጅ 652። የመጀመሪያው በመብት ላይ የሚሠራ የሀገር ውስጥ ድርጅት ከውጭ የሚያገኘው ገንዘብ ከበጀቱ 10 በመቶ እንዳይበልጥ አደረገ። በተግባር ብዙዎቹን አሽመደመዳቸው። ሁለተኛው ጋዜጠኛና ፖለቲከኛ ለማሰር ዋለ።

ሚያዝያ 28 ቀን 2006 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለሁለተኛ ጊዜ ጄኔቫ ላይ ተገመገመች። ከዚያ 11 ቀን ቀደም ብሎ፣ ሚያዝያ 17 እና 18፣ ስድስት የዞን 9 ጦማርያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታስረው ነበር። ቀጠሮው እየታወቀ። ሀገራት ሁለቱም ሕጎች ይሻሻሉ፣ ይሻሩ አሉ፤ መንግሥት እነዚያን ጠንካራ ምክረ ሐሳቦች አልተቀበለም። ታሳሪዎቹ ከፊሎቹ በ2007 መጨረሻ ክሳቸው ተቋርጦ፣ ሌሎቹ በ2008 መጀመሪያ ወጡ። እዚህ ላይ ብናቆም «ግምገማው ከንቱ ነው» ብለን እንሄድ ነበር።

ግን ቀጥሉ። ከ2008 ጀምሮ ተቃውሞ ሀገሪቱን አናወጣት፤ በ2010 አመራሩ ተቀየረ። የሕግ ማሻሻያ ምክር ቤት ተቋቁሞ ሥራ ሲጀምር ከመጀመሪያዎቹ መካከል ያነሳቸው እነዚሁ ሁለት ሕጎች ነበሩ። 621 በ2011 በአዋጅ 1113 ተተካ፣ 652 ደግሞ በ2012 በአዋጅ 1176። እና ማን ቀየራቸው? ጄኔቫ አይደለችም። አደባባይ የወጣው፣ የታሰረው፣ የሞተው ሰው ነው። ግን በሩ ሲከፈት የትኛው ሕግ፣ የትኛው አንቀጽ፣ ለምን የሚለው ነገር ተጽፎ፣ ተከራክረውበት፣ ተመዝግቦ ተቀምጦ ነበር። ግምገማው የሚጠቅመው በአብዛኛው እንዲህ ነው፤ ቀን እስኪመጣ ዝርዝሩን ያቆያል። ይሄ ትንሽ ነገር አይመስለኝም፣ «ዴሞክራሲን ያስፋፋል» የሚባለውን ያህል ግን አይሆንም።

ደግሞ ወደ ኋላም ይኬዳል። አራተኛው ግምገማ ኅዳር 2017 ላይ ተካሄደ። በቀጣዮቹ ሁለት ወራት ውስጥ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ጉባኤን (ኢሰመጉን) ጨምሮ በርካታ የመብት ድርጅቶች ታግደው ነበር። ስለዚህ አንድ ልማድ ያዙ፦ የግምገማውን ቀን ክበቡና ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ሁለት ሁለት ወራት ዜና አገላብጡ። ስብሰባው ላይ ከተነገረው ይልቅ ያ ይነግራችኋል።

በነገራችን ላይ፣ በ2014 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ምክር ቤት በኢትዮጵያ ላይ ያቋቋመው የባለሙያዎች መርማሪ ኮሚሽን በ2016 መጀመሪያ ላይ ሥራው አበቃ። ኢትዮጵያ ድምፅ ተሰጥቶላት አሸንፋ አይደለም። ይራዘም የሚል የውሳኔ ሐሳብ ያቀረበ ሀገር ጠፍቶ ነው። የመንግሥታትን ጉልበት መለካት የምትፈልጉ ሰዎች ይቺን አትርሷት።

የአፍሪካውን ስታነቡ፦ እርሳሱን የያዘው ማነው?

ኤፒአርኤም የሚጀምረው ሀገሩ ራሱን በመገምገም ነው። ከዚያ የታወቁ ሰዎች ቡድን መጥቶ ያጣራል፣ ሪፖርት ይጽፋል፣ መሪዎች በጉባኤ ይወያዩበታል፣ ከወራት በኋላ ለሕዝብ ይወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ራስን መገምገሙን ማን መራው የሚለው ነው።

ጋና የመጀመሪያዋ ተገምጋሚ ነበረች። የብሔራዊ አስተዳደር ምክር ቤቱን ከመንግሥት ውጭ ባሉ ሰዎች ሞላችው፤ ጥናቱንም ለአራት ገለልተኛ ተቋማት ሰጠች። ደቡብ አፍሪካ በተቃራኒው ሰብሳቢ ያደረገችው ሚኒስትር ነበር። የሲቪል ማኅበራቱ ያን ጊዜ ተቆጥተዋል። ቢሆንም በናይጄሪያዊው ምሁር አዴባዮ አዴዴጂ የተመራው ቡድን እዚያ ደርሶ ራሱ ያየውን ጻፈ። ከጻፈው አንዱ በሌሎች አፍሪካውያን ላይ ያለው ጥላቻ እየከፋ መምጣቱ ነው። የታቦ ምቤኪ መንግሥት ይሄን አልተቀበለም። ሪፖርቱ በ2007 ቀረበ። በግንቦት 2008 ከጆሃንስበርግ ዳር ካለችው ከአሌክሳንድራ ተነስቶ በተዛመተው ጥቃት 62 ሰው ሞተ። ጆሃንስበርግና ታውንሺፕ (የጥቁሮች የድሃ ሰፈር) ውስጥ ሱቅ የከፈተ ዘመድ ያለው ሐበሻ ይሄ ነገር ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደተመላለሰ ያውቃል።

ኬንያም እንዲሁ። ግራሳ ማሼል የመሩት ቡድን ስለ መሬት፣ ስለ ብሔር ክፍፍል፣ ስለ ሕገ መንግሥት ጉዳይ ጽፎ በ2006 አቀረበ። በታኅሣሥ 2007 ምርጫ ሆነ። ከሺህ በላይ ሰው ሞተ፣ በመቶ ሺዎች ተፈናቀሉ። ኮፊ አናን መጥተው ያስታረቁበት አጀንዳ ላይ የሰፈሩት የመሬት፣ የሕገ መንግሥት፣ የእኩልነት ጥያቄዎች ሪፖርቱ ላይ ያሉት ናቸው። በ2010 አዲስ ሕገ መንግሥት ጸደቀ። ከሪፖርቱ እስከ ሕገ መንግሥቱ አራት ዓመት ብቻ ነው፣ መሐል ላይ ያለው ግን ደም ነው።

እነዚህን ሁለቱን የማነሳው ትምህርታቸው ለአነባበባችሁ ስለሚጠቅም ነው። ሪፖርቱ ሲወጣ መንግሥት የተናደደበትን አንቀጽ ፈልጉ። አብዛኛውን ጊዜ መንግሥት አስተያየቱን ሪፖርቱ መጨረሻ ላይ አያይዞ ያወጣል። እዚያ ሄዳችሁ «ይሄ እውነት አይደለም» የተባለውን አንቀጽ ምልክት አድርጉ፣ ከዚያ የከተማችሁን ወሬ ከሱ ጋር እያስተያያችሁ ተከታተሉ።

የእኛስ? ኢትዮጵያ በ1995 ዓ.ም. ከመጀመሪያዎቹ ጋር ፈረመች። የተገመገመችው ግን ጥር 2003 ላይ ነው፤ ስምንት ዓመት ቆይቶ። ያን ጊዜ የመሪዎቹ ጉባኤ ሊቀ መንበር ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ነበሩ። ከግምገማው ስምንት ወር ቀደም ብሎ በተካሄደው ምርጫ ገዥው ፓርቲና አጋሮቹ ከ547 ወንበር 545ቱን ወስደው ነበር። እንግዲህ አቻ የሆኑ መሪዎች ሊቀ መንበራቸውን ስለ ምርጫ እንዴት አድርገው እንደሚጠይቁት አስቡት። «ግምገማ» እኛ ሀገር በመሥሪያ ቤት ስንት ሰው ያስለቀሰ ነገር ነው፤ መሪዎቹ ጋ ሲደርስ ምን ያህል እንደሚለሳለስ ማየት ትንሽ ያስቃል።

ከማንበብ አልፋችሁ ልትጠቀሙበት ከፈለጋችሁ

ለዩፒአር ማንኛውም ድርጅት ጽሑፍ ማስገባት ይችላል። እውቅና አይጠየቅም። ገደቡ ለአንድ ድርጅት 2,815 ቃል፣ ተባብራችሁ ከሆነ 5,630 ነው። ከበለጠ አይነበብም፣ ስለዚህ ታሪክ አትተርኩ። የባለፈውን ዙር ምክረ ሐሳብ ቁጥሩን ጠቅሳችሁ «መንግሥት ይሄን ተቀብሎ ነበር፣ የሆነው ግን ይሄ ነው» በሉ። የሚያስገቡበት ቀን ከስብሰባው ብዙ ወራት ቀደም ብሎ ስለሚያልፍ፣ ዜና ላይ «ሊገመገም ነው» ስትሰሙ ዘግይታችኋል። በተለመደው አካሄድ የኢትዮጵያ ቀጣይ ተራ በ2021 ወይም በ2022 ዓ.ም. አካባቢ ይደርሳል። አሁን መረጃ መሰብሰብ የጀመረ ያኔ አይሯሯጥም።

ቀጥሎ ኤምባሲ ነው። ምክረ ሐሳቡን የሚናገሩት ድርጅቶች አይደሉም፣ መንግሥታት ናቸው። ዲፕሎማቱ አንድ ደቂቃ ነው ያለው፤ ስለዚህ አንድ ገጽ፣ ከተቻለ አንድ የተዘጋጀ ዓረፍተ ነገር ከጠንካራ ግስ ጋር ስጡት። «የሰብአዊ መብት ሁኔታ ያሳስበናል» ብላችሁ ከሄዳችሁ እሱም «ያሳስበናል» ብሎ ይመለሳል። አዲስ አበባ ኤምባሲ መግባት የሚያስፈራ ከሆነ በስዊድን፣ በጀርመን፣ በሆላንድ ያሉ ወገኖቻችን በሚኖሩበት ሀገር የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ወይም በመረጡት የፓርላማ አባል በኩል ያንኑ ሥራ መሥራት ይችላሉ። ይሄ ሰልፍ ከመውጣት ያነሰ ይታያል፣ ግን ጥያቄው በመንግሥት ስም ተመዝግቦ ይቀራል። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ መንግሥታችሁ በ2025 የራሱን ግምገማ አልሳተፍም እንዳለ አስቡ፤ እስራኤልም በጥር 2013 ቀርታ በዚያው ዓመት ጥቅምት ተመልሳ ቀርባ ነበር። ትልልቆቹ ሲቀሩ ትንንሾቹም «እኛስ ለምን?» ማለት ይጀምራሉ፣ የሥርዓቱ ብቸኛ ሀብት ደግሞ ሁሉም መቅረቡ ነበር።

ካለቀ በኋላ የሚሠራው ሥራ ይበልጣል። መንግሥት «እደግፋለሁ» ያላቸውን ጠንካራ ምክረ ሐሳቦች ለይታችሁ ወደ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ መልሷቸው። ጄኔቫ ላይ በእንግሊዝኛ የተገባን ቃል የወረዳ ዳኛም የፖሊስ አዛዥም አልሰማውም። የሚመለከተውን ቋሚ ኮሚቴ፣ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽኑን (ኢሰመኮ)፣ የክልል ምክር ቤቱን በቁጥሩ እየጠቀሳችሁ ጠይቁ። «ውጭ ሀገር የጫነብን ነው» የሚል መልስ ከመጣ፣ አባሪውን አውጥታችሁ «አይ፣ እናንተ ናችሁ የተቀበላችሁት» ማለት ትችላላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ሰው ብዙ የማያስበው። ግምገማው ሁለት አቅጣጫ አለው። ኢትዮጵያም ሌሎችን ትገመግማለች። ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ሊባኖስ፣ ኩዌት ሲገመገሙ ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ጋር የሚያስረው የከፋላ ሥርዓት፣ የቤት ሠራተኞች ፓስፖርት መነጠቅ፣ ደመወዝ መከልከል ይነሳል። የነዚህን ሀገራት ሪፖርት ክፈቱና «ኢትዮጵያ» የሚለውን ፈልጉ። ልጆቿ እዚያ ሲንከራተቱ ሀገራችን በተሰጣት ደቂቃ ምን አለች? «ጥረታችሁን ቀጥሉ» ነው ወይስ ጠንካራ ግስ ተጠቀመች? ያገኛችሁትን ይዛችሁ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርን ጠይቁ። እዚያ ላይ «ሉዓላዊነት ተነካ» የሚል ማመካኛ የለም።